መድኃኒት ያልወሰደችው ሃሴት

ሃሴት ድልነሳሁ አዲሱን የሐሞት ቱቦ መድኃኒት መዋጥ በጀመረችበት ጠዋት፣ ሙከራውን የሚመራው ዶክተር ኢዮስያስ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ አንድ ነገር አጥብቆ ለመናት።

«እባክዎን አይለወጡ።»

«አልገባኝም» አለች ሃሴት። «መድኃኒቱን የምትሰጠኝ እንድድን አይደለም እንዴ?»

«ጉበትዎ ይለወጥ። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ እንደኖሩት ይኑሩ። የሚበሉትን ይብሉ፣ በሚተኙበት ሰዓት ይተኙ፣ የሚቆጡትን ሰው ይቆጡ።»

«አቦ፣ አንቺ በለኝ! ብቻዬን ነኝ፤ ስንት ሰው አደረግከኝ?»

ዶክተሩ ቀላ። በድሬዳዋ ሰው ሰውን አንቱ እንደማይል፣ ልጅ አያቱን፣ ተከሳሽ ዳኛውን አንተ እንደሚል ሰምቶ ነበር። አፉ ግን እሺ አላለውም።

ዘመኑ 2071 ነው። የሃሴት በሽታ በጉበት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የሐሞት ቱቦዎች ቀስ በቀስ የሚያጠፋ፣ በጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ በሽታ ነው። በአገሪቱ ያሉት ሕሙማን በሙሉ ቢሰባሰቡ አንድ ሚኒባስ አይሞሉም፤ ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ሲጣራ ይውላል። እንዲህ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ መድኃኒት ሲሞከር፣ እንደ ድሮው ግማሹን የውሸት ክኒን እያዋጡ ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚነጻጸረው ከራሱ ግልባጭ ጋር ነው።

የሃሴት ግልባጭ አዲስ አበባ፣ በአንድ የምርምር ተቋም ማሽን ውስጥ ትኖራለች። እሷም ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠዋት ትነሳለች፣ ሥራ ትገባለች፣ ሰውነቷን ታካለች፣ ትቆጣለች፣ ብቻዋን ትተኛለች። ከሃሴት የምትለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን አትወስድም። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። መሃላቸው የተገኘው ልዩነት የመድኃኒቱ ነው ለማለት ግን፣ የድሬዳዋዋ ሃሴት ኑሮዋን ሳታዛንፍ መኖር አለባት።

ይህን የሚቆጣጠር «ታዛቢ» የሚባል ዕቃ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቀለ። እንቁላል ያክላል። ቤቱን በሙሉ ያያል፣ ይሰማል፤ ጨዋ ነው። በየማለዳው የትናንቱን «የአኗኗር ታማኝነት» ከመቶ ያነባል። ከሰማንያ በታች የወረደ ከሙከራው ይሰናበታል።

«አይዞሽ» አላት ባሏ ኪሩቤል። «መለወጥ ድሮም አትችይበትም።»

ኪሩቤል የባቡር ጡረተኛ ነው። ባቡሩ ራሱን ይነዳ ነበር፤ ኪሩቤል መንገደኛው እንዳይፈራ ብቻ የሥራ ዘመኑን በሙሉ የነጂው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከጂቡቲ ድሬዳዋ ተመላለሰ። ግማሹን ትዕግሥቱን እዚያ ተማረ። ቀሪውን ከሃሴት።

ሃሴት ከመታመሟ በፊት ሳቂታ ነበረች የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የሚያምናቸው ግን የለም። ማሳከኩ መጀመሪያ መዳፏንና የእግሯን ውስጥ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷን ያዛት። ከቆዳዋ ሥር እንጂ ከላይ ስላልሆነ ብታከው አይደረስበትም፤ የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ የሚነዝሩ፣ የሚያቀዘቅዙ፣ አልፎ ተርፎም የሚዘፍኑ መሣሪያዎች ነበሯት። የምታምነው ግን የበቆሎ ቆረቆንዳ ብቻ ነበር። ከእንቅልፍ ማጣቱ ብዛት ጠባይዋ ኮመጠጠ። ሰፈርተኛው ሐሞተ ኮስታራ ይላታል፤ ሐሞቷ ግን እንኳን ሊኮሳተር፣ መውጫ አጥቶ ጉበቷ ውስጥ የቀረ ምስኪን ነው።

ባልና ሚስቱ መኝታ ከለዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እሷ መኝታ ቤት፣ እሱ ሳሎን። እንዴት እንደተጀመረ አንዳቸውም አያነሱትም።

ሃሴት የምትሠራው ከከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ «የሰው መስኮት» ላይ ነው። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ቢያንስ አንድ መስኮት ላይ ሰው እንዲያስቀምጥ ሕጉ ያዛል፤ ማሽኑ አልሰማኝም ያለ ዜጋ ወደ ሰው ይሄዳል። ወደ ሃሴት የሄደ ግን አመስግኖ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። በዚህ የተነሳ መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ የሌለበት ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሸልሟል።

መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች ግራ እጇ ሥራ መፍታቱን አየች። ያ እጅ ዓመታት ሙሉ አንገቷን፣ ጎኗን፣ ክንዷን ሲያክ የኖረ ነው። አሁን ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። የት እንደምታደርገው ስላላወቀች ኪሷ ከተተችው። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለችና አዳመጠች። ቆዳዋ ዝም ብሏል። እንባዋ መጣ፤ ቀጥሎ፣ ምን እንደነካት ሳታውቅ፣ ማንጎራጎር ጀመረች።

«ወይዘሮ ሃሴት» አለ ታዛቢው ከሳሎን፣ «ማንጎራጎር ልማድዎ አይደለም። ከነቁ ጀምሮም አላማረሩም። ደህና ነዎት?»

በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መስኮቷ ጋ መጣ። «ቁጭ በል አባባ፤ ምን ላግዝህ?» አለችው። ሽማግሌው የተናገረችው ለሌላ ሰው መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማንም የለም። ደንግጦ «ስህተቱ የእኔው ነው» ብሎ ሊሄድ ሲል እጁን ይዛ አስቀመጠችው፤ ጉዳዩንም ጨረሰችለት። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገዱን ዘጋ። ችግር ያለበትም የሌለበትም መጣ፤ አንዳንዱ የተሰለፈው ወሬው እውነት መሆኑን ለማየት ብቻ ነው። አለቃዋ አስጠራትና «ሃሴት፣ ምን በደልንሽ?» አላት።

ታዛቢው «ሰማንያ አራት» ብሎ ባነበበ ዕለት ዶክተር ኢዮስያስ ደወለ።

«ማሳከኩ መጥፋቱ ድንቅ ነው» አለ። «ደስታዎ ግን ልኬቱን እያበላሸብን ነው።»

«ታዲያ ደስ አይበለኝ?»

«ይበልዎት፤ በልብዎ። የሰልፍዎ ወሬ ግን አዲስ አበባ ደርሷል፤ ሥራ ቦታ ይቆጡ። ቤትም ውስጥ... ታዛቢው እንደሚለው ጠዋት ጠዋት በባለቤትዎ ላይ ነጠላ ጫማ ይወረውሩ ነበር።»

«በሱ ላይ አይደለም፤ ወደሱ ነው። መትቼው አላውቅም።»

«ያንኑ ይቀጥሉ። ወይዘሮ ሃሴት፣ እርስዎ ከወጡ የሚቀሩት ሰዎች ለማስረጃ አይበቁም። ሙከራው በሙሉ ይወድቃል።»

ሙከራው ከወደቀ አብሮት የሚወድቀው ማን እንደሆነ ሃሴት ታውቃለች። ሂቦ የጅግጅጋ አስተማሪ ናት፤ ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ሁለት ሕፃናት አሏት። የተዋወቁት ድሬዳዋ፣ ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሃሴት ከቦርሳዋ ቆረቆንዳ ስታወጣ፣ ሂቦም ከቦርሳዋ የራሷን አወጣች። ከዚያ ወዲያ እህትማማች ሆኑ። የሂቦ በሽታ ግን ይፈጥናል፤ ዓይኖቿ ቢጫ ሆነዋል። የመጀመሪያው ዙር የሚቀበለው በሽታው የተረጋጋለትን ብቻ ስለሆነ እሷን አላስገባም። ሁለተኛው ዙር የሚከፈተው የመጀመሪያው ከተሳካ ነው። ካልተሳካ የሚቀራት የጉበት ንቅለ ተከላ ወረፋ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ወረፋ አይደለም።

ስለዚህ ሃሴት መቆጣትን እንደ ሥራ ያዘችው። ሥራው ግን ከበዳት። ጠዋት ነጠላ ጫማ ስትወረውር ኪሩቤል ይቀልበውና መልሶ እግሯ ሥር ያስቀምጥላታል። «ይሄ ሻይ ነው ወይስ ውሃ!» ብላ ትጮኽና፣ ሻዩ ጥሩ ስለሆነ ድጋሚ ትቀዳለች። አንዳንድ ቀን ስትዘነጋ ኪሩቤል ጆሮዋ ሥር ጠጋ ይላል።

«ዛሬ ስለ ካልሲዬ አልተናገርሽም።»

«ካልሲህ!» ብላ ትጮኻለች።

«ካልሲዬ ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ! ብቻ ካልሲህ!»

አንድ ቅዳሜ ኪሩቤል ሻይ ይዞላት መኝታ ቤት ገባና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ለምን እንደተቀመጠ እሱም አላሰበበትም። ሃሴት እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት። ሻዩን ተቀባብለው ጠጡ።

«አቶ ኪሩቤል» አለ ታዛቢው ከሳሎን፣ «በዚያ ክፍል ውስጥ የመቀመጥ ልማድ የለዎትም።»

«ሚስቴ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። በዚያ ክፍል ውስጥ የመቀመጥ ልማድ ግን የለዎትም።»

ኪሩቤል ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ ሰማንያ አንድ ተነበበ።

ድሬዳዋ በቀትር ትዘጋለች። ይህ በ2071ም አልተለወጠም፤ እንዲያውም ሙቀቱ ስለባሰ የቀትሩ እንቅልፍ ረዘመ። ሃሴት ከታመመች ወዲህ በዚያ ሰዓት ቤት ገብታ አታውቅም፤ የመሥሪያ ቤቷ ምድር ቤት ስለሚቀዘቅዝ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ጋደም ትላለች። ኪሩቤል ደግሞ ከባቡር ጡረተኞች ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። ስለዚህ በቀትር ታዛቢው የሚታዘበው ባዶ ቤት ነው።

ይህን ያሰበው ኪሩቤል ነበር። ሃሴት ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ተከትሏት ወጣና፣ አጥሩ ሥር ሲደርሱ በሹክሹክታ «ነገ ዶሚኖ አልሄድም» አላት።

«ታዲያ የት ትሄዳለህ?»

«ከዚራ ሰፈር አንድ ፔንሲዮን አለ።»

ሃሴት ከላይ እስከ ታች አየችው። «ኪሩቤል፣ ስድሳ ሦስት ዓመትህ ነው።»

«ለመነጋገር ነው አቦ!»

«ለመነጋገርማ እሺ» አለች።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ፈቲያ ባንኮኒዋ ላይ ተደግፋ ሁለቱንም አየቻቸው።

«ባልና ሚስት ነን» አለ ኪሩቤል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ ባልና ሚስት ነው» አለች ፈቲያ ቁልፍ እያቀበለች። «የማን ባል፣ የማን ሚስት ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

እውነትም የሄዱት ለመነጋገር ነበር። የመጀመሪያ ቀን ግን ወሬ ጠፋባቸውና ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ሲያዩ ሰዓቱ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ሃሴት ጫማዋን አወለቀች፤ ኪሩቤል የእግሯን ውስጥ አየ። ጠባሳው እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል።

«ይሄ ሁሉ?» አለ።

«ቆረቆንዳው ነው። አሁን እኮ ደህና ነው፤ ንካው።»

ነካው። ሃሴት ኮረኮራትና ሳቀች። ኪሩቤል ያን ሳቅ ረስቶት ስለነበር ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ወሬው አልጎደለም። አንድ ጊዜ አይሻ ጣቢያ አጠገብ ግመል ሐዲዱ ላይ ተኝታ ባቡሩ ራሱን አቁሞ፣ ኪሩቤል ወርዶ ሲለምናት ግመሏ እንደተፋችበት፣ መንገደኛው ሁሉ በመስኮት ሲያጨበጭብ እንደነበር ነገራት። በሥራ ዘመኑ ሰው ያስፈለገው ያን ቀን ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ምድር ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ስለምታስበው ነገር ነገረችው። ሲደክማቸው ይተኛሉ። ሃሴት እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ ለዓመታት ያልቀመሰችውን እንቅልፍ ትተኛለች፤ ፈቲያ በር አንኳኩታ ትቀሰቅሳቸዋለች።

ድሬዳዋ ግን ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ምሽት ጎረቤታቸው ሶልያና ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሳሎን ገባች።

«ሃሴት፣ ልብሽን ያዢ። ባልሽ በቀትር ከዚራ ፔንሲዮን ከሴት ጋር ሲገባ ታይቷል።»

ሃሴት ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ምን ዓይነት ሴት?»

«እሷም ሴት ተብላ! አሮጊት ናት አሉ። ወገቧ በርሜል፣ አረማመዷ ዳክዬ። ወንድ ልጅ ሲያብድ እንኳ እንዴት ካንቺ የተሻለች ያጣል?»

«በርሜል?» ሃሴት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«በርሜል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ያየ ሁሉ።»

ኪሩቤል በር ከፍቶ ሲገባ፣ ለወራት ስትጠራው እምቢ ያላት ቁጣ ሳይጠራ መጣላት። ሁለት ነጠላ ጫማ፣ አንድ ትራስና የማንቆርቆሪያ ክዳን «በርሜል!» እያለች ወረወረች። ኪሩቤል ምንም አልገባውም፤ ግን ትወናው እጅግ እንዳማረላት በዓይኑ ጠቀሳት፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት። በማግስቱ ታዛቢው «ዘጠና ስድስት» ብሎ አነበበና «እጅግ ጥሩ ቀን ነበር» ሲል ጨመረበት።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተር ኢዮስያስ ድሬዳዋ መጣ። ክሊኒኩ ውስጥ ሃሴትን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የደም ምርመራዋን ሁለቴ አነበበ።

«ውጤቱ ከጠበቅነው በላይ ነው» አለ። ፊቱ ግን የምሥራች የያዘ ሰው ፊት አልነበረም። «ችግሩም እሱ ነው። ጉበትዎ ተሻሽሏል፤ የሌሎቹም ተሻሽሏል። የእርስዎ ግን የደም ግፊትዎም ወርዷል፣ ክብደት ጨምረዋል፣ ድካሙ ጠፍቷል። ይህ ሌላ ሰው ላይ አልታየም። ኮሚቴው ከመድኃኒታችን ሌላ የሚሠራ ነገር አለ ብሎ ጠርጥሯል። የሚወስዱት ሌላ ነገር አለ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤትዎን በተመለከተ ታዛቢው የሰማውንም አንብቤያለሁ። በጣም አዝናለሁ።»

ጠዋት ሂቦ ደውላላት ነበር። ትንሿ ልጇ ዓይኖቿን አይታ «እማ፣ ፀሐይ ገባብሽ» እንዳለቻት እየሳቀች ነገረቻት፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። ሃሴት አሁን ያሰበችው ይህንኑ ነው። የለም ብትል ሙከራው ያልፋል፣ ሂቦም መድኃኒቱን ታገኛለች። ያዳናት መድኃኒቱ ባይሆንስ? ያን ጊዜ ሂቦ የምትውጠው የሃሴትን ውሸት ይሆናል፤ ጉበት ደግሞ በውሸት አይድንም። አለ ብትል ደግሞ ሙከራው ሊወድቅ ይችላል።

«የምወስደው ሌላ ነገር አለ» አለች።

ዶክተሩ ጎንበስ አለ። «ምን?»

«ባሌን።»

«ማለት?»

«ፔንሲዮኑ ውስጥ የታየችው በርሜል እኔ ነኝ።»

ዶክተር ኢዮስያስ እስኪገባው ትንሽ ፈጀ። ሲገባው ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። «በየስንት ጊዜው ይወስ... ማለቴ...»

«በየቀኑ» አለች ሃሴት። «ከምሳ በኋላ።»

ኮሚቴው በስክሪን ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር ነጭ ፀጉሯን በእጇ እየደባበሰች ባልና ሚስቱን በየተራ ጠየቀች። ከአባላቱ አንዱ በቀትር ክፍሉ ውስጥ በትክክል ምን እንደሚከናወን ለማወቅ ፈለገ።

«ጌታው» አለ ኪሩቤል፣ «በሚስት ፊት እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

ገሚሱ አባላት ሃሴት ትሰናበት አሉ። ገሚሱ እሷን አሰናብቶ የሚተርፍ ሙከራ የለም አሉ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ «ኑሮዋ ከግልባጯ ከተለየ፣ ግልባጯን ወደ ኑሮዋ እናምጣት» አለች። «ለግልባጯም ባል ይሰጣት።»

«ማንን?» አለ ኪሩቤል።

«እርስዎን።»

«ለሌላ ሴት?»

«ለሚስትዎ ግልባጭ ነው እኮ።»

«እሷን አላውቃትም» አለ ኪሩቤል። ሃሴት በክርኗ ስትጎሽመው ግን እሺ አለ።

እሱም ሊገለበጥ አዲስ አበባ ሄደ። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ሲያስነጥስ ለኩት። ከድሮ ጀምሮ በስልኩ፣ በሰዓቱ፣ በባቡሩ ወንበር የተቀዳውን ሁሉ ሰበሰቡ። «ነጠላ ጫማ ሲወረወርብዎ ምን ይሰማዎታል?» ብለው ጠየቁት። «ንፋስ» አላቸው።

እሱ በሌለበት ሃሴት ሂቦ ጋ ደውላ ያደረገችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ውጤቱ ካላማረ ሁለተኛው ዙር ላይከፈት እንደሚችልም አልደበቀቻትም።

«ወላሂ፣ ነፍሴ አሁን ባንቺ ባል ላይ ተንጠልጥላለች ማለት ነው?» አለች ሂቦ።

«ጠንካራ ነው፤ አይዞሽ።»

«አንቺ ባትነግሪያቸው እኮ...»

«አውቃለሁ» አለች ሃሴት።

«ደግ አደረግሽ» አለች ሂቦ። ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር። ሃሴት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ማልቀስ ፈለገች፤ ታዛቢው እንዳይሰማ ቆሻሻ መጣያው ጋ ሄዳ አለቀሰች።

ዶክተር ኢዮስያስ ውጤቱን ይዞ ቤታቸው ድረስ መጣ። ሲገባ መጀመሪያ ታዛቢውን አጠፋው።

«ማሽኑ ውስጥ የባልየውን ግልባጭ ከሚስትየዋ ግልባጭ ጎን በየቀትሩ አስተኛነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያልፍ አደረግን። የደም ግፊቷ ወረደ፣ ክብደት ጨመረች። ጉበቷ ግን አልተሻሻለም። ማሳከኩም አልቀነሰም። ስለዚህ የደም ግፊትዎ የአቶ ኪሩቤል ነው። ጉበትዎ የመድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል። ሁለተኛው ዙር ዓመቱን ሳይጠብቅ ይከፈታል።»

ሃሴት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሂቦ?»

«ወይዘሮ ሂቦ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው።»

ኪሩቤል ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። ዶክተሩ ተቀመጠ፤ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው፣ መልሶ ከፈተው።

«አንድ ያልገባን ነገር ግን አለ። ለማየት ያህል ማሽኑ ውስጥ ሌሊትም አብረው እንዲተኙ አደረግን፤ ሚስትየዋ ስታክና ስትራገጥ፣ ባልየው መኝታ ቤቱን ጥሎ ይወጣል ብለን ነበር የጠበቅነው፤ አቶ ኪሩቤል ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንደወጡት። ደጋግመን ሞከርነው። አንድም ጊዜ አልወጣም። ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ ያድራል፤ እግሯን ያክላታል። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆን?»

ኪሩቤል ወለሉን አየ። «አልተሳሳተም» አለ።

ሃሴት ዞረችበት። «ታዲያ አንተ ለምን ወጣህ?»

«ውጣ አልሽኝ እኮ።»

«እኔ? መቼ?»

«ያን ሌሊት። ትራሱን ወርውረሽ ‹ውጣልኝ› አልሽኝ። ጠላሽኝ ብዬ ወጣሁ።»

«እንድትተኛ ብዬ ነው እንጂ! በማግስቱ ባቡር መንዳት ነበረብህ።»

«ባቡሩ እኮ ራሱን ነው የሚነዳው፣ ሃሴት።»

ሃሴት ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞረች። «ተመልሶ ይመጣል ብዬ በሩን ዘግቼው አላውቅም» አለች። «እስከ ዛሬ አልዘጋሁትም። አልመጣህም።»

«እኔ ደግሞ ትጠራኛለች ብዬ ነበር።»

«እኔ መቼ ነው ሰው ጠርቼ የማውቀው?»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

ዶክተር ኢዮስያስ ቦርሳውን አንስቶ «እኔ ብሄድ ይሻላል መሰለኝ» አለ። በሩ ላይ ደርሶ ግን አንድ ነገር መናገር እንዳለበት ትዝ አለው።

«ይቅርታ... አሁን እንግዲህ ግልባጯም በቀትር ባል አላት። ስለዚህ ዓመቱ እስኪያልቅ ይህንኑ መቀጠል አለባችሁ። በየቀኑ፣ ፔንሲዮኑ ውስጥ። ቤት ውስጥ ግን እንደ ልማዳችሁ ለየብቻ።»

«እዚህ አብረን መተኛት አንችልም?» አለች ሃሴት።

«ከዓመቱ በኋላ።»

«ፔንሲዮኑስ?»

«ግዴታ ነው» አለ ዶክተሩ። ከዚያ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ቻው፣ ሃሴት። በርቺ» አለና ሮጦ ወጣ።

ወራት አለፉ። ግዴታው መጀመሪያ አስደሰታቸው፤ ቆይቶ ግን እንደ ማንኛውም ግዴታ ሆነ። የግንቦት ሙቀት በከበደበት አንድ ቀን ኪሩቤል ሃሴትን ሳያማክር ሞጆ ያለችውን እህቱን ለአንድ ወር እንግድነት መጥራቱ ተሰማ። የተጣሉት የእውነት ነበር፤ ታዛቢው እንኳ ጣልቃ ሊገባ አልደፈረም። በቀትር ኪሩቤል በመንገዱ ግራ፣ ሃሴት በቀኝ፣ ሳይተያዩ ወደ ከዚራ ሄዱ። ፔንሲዮኑ በር ላይ ሲገናኙ ማን ይቅደም ብለው ተፋጠጡ።

«ዛሬ ምን ሆናችሁ?» አለች ፈቲያ።

«ተጣልተናል» አለች ሃሴት።

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

«ግዴታ ነው» አለ ኪሩቤል።

ፈቲያ ቁልፉን አቀበለቻቸው። «ይሄን ያህል ዘመን በዚህ ሥራ ላይ ስኖር» አለች፣ «እውነተኛ ባልና ሚስት ዛሬ ገና አየሁ።»

ጀርባና ጀርባ ሆነው ተኙ። መሃላቸው ሦስተኛ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ነበር። ማራገቢያው ሙቁን አየር ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሳል። የሃሴት ስልክ ጮኸ፤ ሂቦ ነበረች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው።

«ሃሴት፣ ተኝተሻል?»

«አልተኛሁም። ምን ሆንሽ?»

«ዛሬ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኩ። አንድም ጊዜ ሳላክ። እኔ ራሴ ልብ አላልኩትም፤ ያዩት ተማሪዎቹ ናቸው። ፈርተው ጸጥ አሉ። አንዷ ተነስታ ‹ቲቸር፣ ምን አጠፋን?› አለችኝ።» ሂቦ ሳቀች። ይህኛው ሳቅ መሃል ላይ አልተቋረጠም፤ እየሄደ እየሄደ ለቅሶ ሆነ። ሃሴትም አብራት አለቀሰች። ከዚያ ደወል ተሰማ፤ ሂቦ ወደ ክፍሏ መግባት ነበረባት።



«ሰማህ?» አለች ሃሴት። ከጠዋት ጀምሮ ለኪሩቤል የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ሰማሁ» አለ።

ሃሴት ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና እጁን ፈልጋ ያዘችው።

«እህትህ ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው» አለች።

«ሁለት።»

«አሥር ቀን።»

«እሺ» አለ ኪሩቤል።